ላባው የማን ነው? የበረሃ ጭልፊቶችን በላባቸው ስለ መለየት

በአፋር ቆላ ወይም በኦጋዴን ሜዳ፣ ከአንድ ገደል ግርጌ ወይም ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር፣ አንድ ቡናማ ላባ ወድቆ ተገኘ እንበል። የየትኛው ወፍ ላባ እንደ ሆነ ማወቅ ይቻላልን? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ላባው የአዳኝ ወፍ ከሆነ ከመልሱ ጋር የሚያያዝ ብዙ ቁም ነገር አለ። በበረሃማ አካባቢዎች የሚገኙት ጭልፊቶች በመልክ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ሆኖም አንደኛው በዓለም ደረጃ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ፣ ሁለተኛው ከዱር ተይዞ ለንግድ ከአገር ወደ አገር እንዳይተላለፍ በጥብቅ የተከለከለ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአፍሪካ በስፋት ተሠራጭቶ የሚገኝ ነዋሪ ወፍ ነው። የሞተው ወይም የተያዘው ወፍ ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ ሳይታወቅ ስለ ጥበቃው በእርግጠኝነት መነጋገር አይቻልም።

በዚህ ጽሑፍ የበረሃ ጭልፊትን ላባ የመለየት ዘዴ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። አስቀድመን ግን ዋናውን ነጥብ እናስቀምጥ፤ የበረሃ ወፍ ላባ ሲመረመር ቀለም የመጨረሻው ምስክር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ምክንያቱንም ከዚህ በታች እናብራራለን።

«ጭልፊት» የሚለው ስም በአገራችን ጫጩት ለሚነጥቁ ልዩ ልዩ አዳኝ ወፎች ሁሉ ይሰጣል። እዚህ ላይ ግን ቃሉን የምንጠቀምበት የሥነ ሕይወት ሊቃውንት «ፋልኮ» ብለው ለሚጠሩት ወገን ብቻ ነው። የዚህ ወገን አባላት ረጅምና ሹል ክንፍ ያላቸው፣ በላይኛው ምንቁራቸው ጠርዝም ጥርስ የመሰለ ስለት ያለባቸው ፈጣን በራሪዎች ናቸው።

የላባ አሠራር በአጭሩ

ላባ የሚሠራው ኬራቲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ነው፤ ጥፍራችንና ፀጉራችንም በዚሁ ስም ከሚጠሩ ፕሮቲኖች የተሠሩ ናቸው። ላባ በማደግ ላይ ሳለ በሥሩ በኩል በደም ይመገባል፤ እድገቱን ሲጨርስ ግን የደም ሥሩ ይደርቅና ላባው ሕይወት የሌለው መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ቢሰበር አይጠገንም፤ ቀለሙ ቢደበዝዝም አይታደስም፤ የሚተካው ረግፎ በምትኩ አዲስ ሲበቅል ብቻ ነው። በሌላ በኩል ይህ ባሕርዩ ላባን አስተማማኝ መዝገብ አድርጎታል። በበቀለባቸው ሳምንታት ወፏ ያገኘችው ምግብና የደረሰባት ችግር በላባው አካል ላይ ተመዝግቦ ይቀራል።

በላባው መካከል የሚያልፈው ጠንካራ ክፍል ዘንግ ይባላል። ከዘንጉ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ፤ ከእያንዳንዱም ክር ደግሞ ለማየት አጉሊ መነጽር የሚያስፈልጋቸው ንዑሳን ክሮች ይበቅላሉ። ብዙዎቹ ንዑሳን ክሮች መንጠቆ ስላላቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንደ ዚፕ ይያያዛሉ። ወፍ በምንቁሯ ላባዋን ስታበጥር የተላቀቁትን መንጠቆዎች መልሳ ታያይዛለች። ከላባው ሥር አጠገብ ያሉት ክሮች ግን መንጠቆ ስለሌላቸው እንደ ጥጥ የተበተኑ ናቸው፤ ተግባራቸውም ሙቀትን መጠበቅ ነው። ይህን ጥጥ መሰል ክፍል በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢያን እንዲያስታውሱት እንጠይቃለን።

ጭልፊት በእያንዳንዱ ክንፉ ጫፍ በኩል 10 ትላልቅ በራሪ ላባዎች፣ በጅራቱ ደግሞ 12 ላባዎች አሉት። የክንፍ ጫፍ ላባዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ከ1 እስከ 10 ይቆጠራሉ። በእነዚህ ላባዎች ላይ ዘንጉ መሐል ለመሐል አያልፍም፤ አየሩን ፊት ለፊት የሚቀበለው ውጫዊ ጎን ጠባብና ጠንካራ ሲሆን፣ ውስጣዊው ጎን ሰፊና ለስላሳ ነው። ላባው ከክንፉ ዳር በራቀ መጠን የሁለቱ ጎኖች ልዩነት እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ቀላል እውነት ለምርመራችን መነሻ ይሆነናል።

አራት ተቀራራቢ ጭልፊቶች

በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላዎች የተገኘ የጭልፊት ላባ ከብዙ ዝርያዎች ሊሆን ቢችልም፣ በተለይ አራቱን ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ላነር (ፋልኮ ቢያርሚከስ) ነው። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል የሚኖር፣ በኢትዮጵያም ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ጭልፊት ነው። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከ90 እስከ 115 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። የጎልማሳው አናት ቀላ ያለ ቡናማ ነው።

ሁለተኛው ሳከር (ፋልኮ ቸሩግ) ነው። ስሙ «ሰቅር» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለአደን ከሚሠለጥኑት ጭልፊቶች ዋነኛው ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ ሞንጎልያና ቻይና ባሉ ሜዳዎች ይራባል፤ ከፊሉም በሰሜኑ የብርድ ወራት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳል። የክንፉ ስፋት ከ102 እስከ 129 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2012 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች መካከል መድቦታል።

ሦስተኛው የባርባሪ ጭልፊት ነው። ከሰሜን አፍሪካ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ባሉ ድንጋያማ በረሃዎች የሚኖር ሲሆን፣ አንዳንድ ሊቃውንት ራሱን እንደ ቻለ ዝርያ፣ ሌሎች ደግሞ በፈጣን ጠለቃው የታወቀው የፔሬግሪን ጭልፊት ንዑስ ዝርያ አድርገው ይቆጥሩታል። የክንፉ ስፋት ከ76 እስከ 98 ሴንቲ ሜትር ነው።

አራተኛው የጥቀርሻ ቀለም ያለው ጭልፊት (ፋልኮ ኮንኮሎር) ነው። በሊቢያና በግብፅ በረሃዎች፣ በቀይ ባሕር ደሴቶችና በዓረቢያ ጠረፎች ይራባል። የመራቢያ ጊዜው ከሌሎች ወፎች የተለየ ነው፤ ጫጩቶቹን የሚፈለፍለው በበጋው ሐሩር ማብቂያ ላይ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ትናንሽ ተጓዥ ወፎች በረሃውን በሚያቋርጡበት ወቅት በመሆኑ፣ ለጫጩቶቹ የሚሆን ምግብ አያጣም። ከዚያም አብዛኛው ወደ ማዳጋስካር ይሄዳል። በሳተላይት የሚከታተሉ መሣሪያዎች ከታሰሩላቸው ጭልፊቶች መካከል ኢትዮጵያን አቋርጠው ወደ ማዳጋስካር የተጓዙ ይገኛሉ።

የአገራችን ምሥራቃዊ ቆላ አዳኝ ወፎች ከሚያዘወትሯቸው ታላላቅ የጉዞ መሥመሮች አንዱ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው በጅቡቲ ጠረፍ በተካሄደ ቆጠራ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች የባብ ኤል መንደብን መተላለፊያ አቋርጠው ወደ አፍሪካ ሲገቡ ተመዝግበዋል። ስለዚህ በአፋር የወደቀ ላባ የአፋር ነዋሪ ወፍ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ባለቤቱ ከሞንጎልያ የመጣ እንግዳም ሊሆን ይችላል።

በረሃ ቀለምን እንዴት ያሳስታል?

ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኮንስታንቲን ግሎገር በ1833 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ እርጥበት ባለባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ እንስሳት ከደረቅ አካባቢ ዘመዶቻቸው ይልቅ ጠቆር ያሉ መሆናቸውን አመልክቷል። ዛሬ ይህ አጠቃላይ ዝንባሌ የግሎገር ሕግ በመባል ይታወቃል። ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ጥቁርና ቡናማ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ላባን እርጥበት ከሚወዱ፣ ኬራቲንን ከሚበሉ ባክቴሪያዎች የሚከላከል መሆኑ ነው። ሌላው ደግሞ መሬትን የመምሰል ጥቅም ነው፤ በአሸዋማ ምድር አሸዋ የመሰለ እንስሳ ከጠላቱም ከሚያድነውም ይሰወራል።

ከዚህ የተነሣ የማይዛመዱ የበረሃ ወፎች እንኳ ተመሳሳይ የአሸዋ ቀለም ይይዛሉ። የሳቢሳ ወይም የጉጉት ላባ ሜዳ ላይ ለብቻው ሲታይ ከጭልፊት ላባ ጋር ሊምታታ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡን የሚጥስ ወፍም አለ፤ ከላይ የጠቀስነው የጥቀርሻ ቀለም ያለው ጭልፊት እጅግ ሞቃትና ደረቅ በሆነ ምድር እየተራባ መላ አካሉ ጥቁር ግራጫ ነው። ስለዚህ «የበረሃ ወፍ ፈዛዛ ነው» የሚል ድፍን አስተሳሰብ ብቻውን አያዛልቅም።

ሁለተኛው ችግር ፀሐይ ናት። ብርቱ የፀሐይ ብርሃን፣ በተለይም አልትራቫዮሌት የተባለው ክፍሉ፣ ሜላኒንን ቀስ በቀስ ያፈዝዘዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቁር ቡናማ የነበረው ላባ ገለባ ሊመስል ይችላል። በነፋስ የሚነዳው አሸዋም የላባውን ጠርዝ ይፈገፍጋል። ሜላኒን ያለበት የላባ ክፍል ከነጩ ክፍል ይልቅ መፈግፈግን ስለሚቋቋም፣ በቅድሚያ የሚበሉት ነጫጭ ነጠብጣቦችና ጠርዞች ናቸው። በመሆኑም ያረጀ ላባ ለመለያ የሚያገለግለውን ንድፍ ራሱን አጥቶ ሊገኝ ይችላል።

ለዚህ ችግር አንድ ተግባራዊ መፍትሔ አለ። በክንፍም ሆነ በጅራት ላይ ላባዎች እንደ ጣራ ቆርቆሮ ተደራርበው ስለሚቀመጡ፣ የእያንዳንዱ ላባ ከፊል በጎረቤቱ ሥር ተሸፍኖ ይኖራል። የተሸፈነው ክፍል ፀሐይ ስለማያገኘው የመጀመሪያ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ቀለምን መመልከት የሚገባን በሰፊው ውስጣዊ ጎን፣ በተለይም በላባው ሥር አካባቢ እንጂ በጫፉ ላይ አይደለም። ከጅራት ላባዎች ሁሉ በይበልጥ የሚፈዝዙት ከላይ የሚቀመጡት ሁለቱ መካከለኞች ናቸው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ላባው የአዳኙ ነው ወይስ የታዳኙ? ጭልፊት ያደነውን ወፍ ከመብላቱ በፊት ላባውን ይነጫል። ስለዚህ ከማደሪያው ገደል ሥር የሚገኙት ላባዎች አብዛኞቹ የርግብ፣ የቆቅና የመሳሰሉት ታዳኞች እንጂ የራሱ አይደሉም። አዳኝ ወፍ ላባን ነቅሎ ስለሚጥል ዘንጉ እስከ ሥሩ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም የምንቁር ጭረት ይታይበታል። ቀበሮና ሌሎች አጥቢ እንስሳት ግን ብዙ ላባዎችን በአንድ ጊዜ በጥርሳቸው ስለሚቆርጡ ዘንጉ ከሥሩ በላይ ተቆርጦ ይገኛል። ጊዜውን ጠብቆ በራሱ የረገፈ ላባ ደግሞ ሥሩ ደረቅና ንጹሕ ነው። በዚህ ደረጃ የጉጉትን ላባ ማስወገድም ይቻላል፤ የጉጉት የክንፍ ላባ ላይኛው ገጹ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ነው፤ በብዙ የጉጉት ዝርያዎች የክንፉ የፊት ጠርዝም የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ ክሮች አሉት። ድምፅ ሳያሰሙ ለመብረር የሚረዳቸው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከየትኛው የአካል ክፍል ነው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወደሚቀጥለው መሄድ ከንቱ ድካም ነው። የጅራት ላባ በአብዛኛው ቀጥ ያለ ነው፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ጎኖቻቸው እኩል ሊሆኑ ሲቃረቡ ዳርና ዳር ያሉት ግን ውጫዊ ጎናቸው ይጠብባል። የክንፍ ጫፍ ላባ ደግሞ ወደ ኋላ ጎበጥ ያለ፣ ውጫዊ ጎኑም እጅግ ጠባብ ነው። በንስሮችና በጥንብ አንሳዎች ብዙዎቹ የክንፍ ጫፍ ላባዎች ከመካከላቸው ጀምሮ በድንገት ስለሚጠብቡ ክንፋቸው ሲዘረጋ ጣቶች የተከፈቱ ይመስላል። በጭልፊት ላይ ግን ይህ የጎን ጉድለት የሚታየው በውጨኛው አንድ ወይም ሁለት ላባ ላይ ስለሆነ ክንፉ ሹል ነው። ስለዚህ ረጅም፣ ሹልና ጠንካራ ላባ ጥልቅ ጉድለት ሳይኖርበት ከተገኘ ወደ ጭልፊት ያመለክታል።

ላባዎች የሚለወጡበት ቅደም ተከተልም ይረዳል። ጭልፊት የክንፍ ጫፍ ላባዎቹን መለወጥ የሚጀምረው ከ4ኛው ሲሆን ከዚያ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይቀጥላል። የጭላት ወገኖች ግን ከ1ኛው ጀምረው ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ከአንድ ማደሪያ ሥር ለወራት የተሰበሰቡ ላባዎች በዚህ መንገድ የባለቤታቸውን ወገን ይመሰክራሉ። ይህን ዕውቀት ከማንም በፊት ሥራ ላይ ያዋሉት ጭልፊት አሠልጣኞች ናቸው። የአንድ ጭልፊት ላባ ሲሰበር ቀድሞ የረገፈውን ተመሳሳይ ላባ በቀጭን ችንካርና በሙጫ ከተሰበረው ዘንግ ጋር ይቀጥሉታል። የሚቀጠለው ላባ ከዚያው ክንፍ፣ ከዚያው ተራ ቁጥር ካልሆነ ግን ወፉ በትክክል መብረር አይችልም።

ሦስተኛ፣ መጠኑ ምን ያህል ነው? ቦታው ከታወቀ በኋላ ርዝመቱ ትርጉም ያገኛል። የጥቀርሻ ቀለም ያለው ጭልፊት ከአራቱ ትናንሾች አንዱ በመሆኑ የጅራቱ ላባ ከሳከር ላባ በግልጽ ያጥራል። ሆኖም በጭልፊቶች ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትልቃለች፤ ስለዚህ የሴት ላነር ላባ ከወንድ ሳከር ላባ ጋር ሊተካከል ይችላል። መጠን አንዳንዶቹን ተጠርጣሪዎች ያስወጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስም ብቻ አያስቀርም።

አራተኛ፣ ንድፉ ምን ይመስላል? የጎልማሳ ላነር ጅራት ከዳር እስከ ዳር በሚያልፉ ተለዋዋጭ ጥቁርና ፈዛዛ ሰረዞች የተዘነጎረ ነው፤ መካከለኞቹ ላባዎችም ሰረዝ አላቸው። በሳከር ላይ ግን ፈዛዛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የተያያዘ ሰረዝ ሳይሆን በጎኖቹ ላይ የተቀመጠ ሞላላ ነጠብጣብ ነው፤ መካከለኞቹም ንድፍ የሌላቸው ወይም ጥቂት ነጥብ ብቻ ያለባቸው ቡናማ ሊሆኑ ይችላሉ። የጎልማሳ ባርባሪ ጭልፊት ላባ መደቡ ሰማያዊ ግራጫ ሲሆን ጠባብ ጥቁር ሰረዞች አሉት። የጎልማሳው የጥቀርሻ ቀለም ያለው ጭልፊት የጅራት ላባ ደግሞ ሰረዝ የሌለው ድፍን ግራጫ ነው።

አምስተኛ፣ ዕድሜው ስንት ነው? ከላይ «ጎልማሳ» የሚለውን ቃል ደጋግመን የተጠቀምነው ያለ ምክንያት አይደለም። የላነር ታዳጊ ቡናማ ሲሆን፣ መካከለኞቹ የጅራት ላባዎቹ ንድፍ የሌላቸው ስለሚሆኑ ከሳከር ጋር በቀላሉ ይምታታል። ዕድሜን ለመለየት የሚረዳ አንድ ምልክት የእድገት ሰረዝ ነው። ላባን በብርሃን ላይ አዘንብለን ስንመለከተው ከዘንጉ ተሻግረው የሚያልፉ ደብዛዛና ብሩህ ጥንድ መሥመሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ የ24 ሰዓት እድገት ነው። በወፏ ላይ ረሃብ ወይም ድንጋጤ በደረሰበት ዕለት ደግሞ ክሮቹ የሳሱበት ቀጭን የደካማ ቦታ መሥመር ሊፈጠር ይችላል። የጫጩት ጅራት ላባዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚበቅሉ ይህ መሥመር በሁሉም ላይ በአንድ ትይዩ ቦታ ይገኛል። ጎልማሳው ላባዎቹን በየተራ ስለሚለውጥ ግን መሥመሮቹ አይገጣጠሙም።

አንድ ምሳሌ

ርዝመቱ 19 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ቀጥ ያለ፣ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ሊሆኑ የተቃረቡ ላባ በእጃችን አለ እንበል። ሥሩ ደረቅና ሙሉ ነው፤ ገጹም ከፋይ አይመስልም። ቅርጹ መካከለኛ የጅራት ላባ መሆኑን ይነግረናል። ርዝመቱ ለጥቀርሻ ቀለሙ ጭልፊት እጅግ የበዛ፣ ለባርባሪ ጭልፊትም የማይመች ነው። የቀሩት ላነርና ሳከር ናቸው። ጫፉ ገለባ ስለሚመስል አናምነውም፤ ወደ ሥሩ ስንመለከት ግን ከጎን ወደ ጎን የሚያልፉ የተሟሉ ሰረዞች እናያለን። መደምደሚያችን የጎልማሳ ላነር ላባ ሳይሆን አይቀርም የሚል ይሆናል።

አሁን ያው ላባ ሰረዝ የሌለው ድፍን ቡናማ ቢሆንስ? ያን ጊዜ የላነር ታዳጊም ሳከርም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መልስ «ላነር ወይም ሳከር» የሚል ነው። ይህ መልስ ሽንፈት አይደለም፤ በማስረጃው ልክ የተሰጠ ውሳኔ ነው። ከዚህ በላይ ለመሄድ ወደ ቤተ ሙከራ መግባት ያስፈልጋል።

ከዐይን ያለፈ ምርመራ

ላባን በማይክሮስኮፕ የመመርመር ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ በ1916 እ.ኤ.አ. ስለ ላባ አሠራር ሰፊ ሥራ ያሳተመው አሜሪካዊው አሳ ቻንድለር ነው። ዘዴውን ለዕለት ተዕለት ጥቅም ያዋሉት ግን በስሚዝሶኒያን ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሮክሲ ላይቦርን ናቸው። በ1960 እ.ኤ.አ. በቦስተን አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመሬት እንደ ተነሣ ወድቆ 62 ሰዎች ሞቱ። ላይቦርን ከሞተሮቹ የተገኘውን የላባ ቅሪት መርምረው የአደጋው ምክንያት ስታርሊንግ የተባሉ ትናንሽ ወፎች መንጋ መሆኑን አረጋገጡ። እኛም ተመሳሳይ ሐዘን ደርሶብናል፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ሞተሮች የርግብ መንጋ ገብቶባቸው በደረሰው አደጋ፣ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸው አልፏል። አደጋን ለመከላከል በቅድሚያ ማወቅ የሚገባው የትኛው ወፍ እንደ ሆነ ነው።

በማይክሮስኮፕ የሚመረመረው ቀደም ሲል ያነሣነው ጥጥ መሰል ክፍል ነው። በዚያ ያሉት ንዑሳን ክሮች እንደ ሸምበቆ አንጓ አላቸው፤ የአንጓው ቅርጽም ከወገን ወገን ይለያያል። በዳክዬዎች ሦስት ማዕዘን፣ በዶሮ ወገኖች ቀለበት፣ በርግቦች ደግሞ የተከፈተ አበባ ይመስላል። በዚህ ዘዴ የርግብን ላባ ከጭልፊት ላባ ቁራጭ መለየት ይቻላል። ላነርን ከሳከር ለመለየት ግን አያስችልም፤ እጅግ የቅርብ ዘመዶች ናቸውና።

የሚቀጥለው እርምጃ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። በላባው ሥር ጫፍና በዘንጉ መጀመሪያ በሚገኘው የደረቀ የደም ቅሪት ውስጥ ለምርመራ የሚበቃ ዲ.ኤን.ኤ. ይገኛል። በዚህም ጾታን ሳይቀር ማወቅ ይቻላል። የአብዛኞቹን ወፎች ዝርያ ለመለየት ማይቶኮንድሪያ ከተባለው የሕዋስ ክፍል የሚወሰድ አጭር ቅደም ተከተል ይበቃል። በሳከርና በቅርብ ዘመዶቹ መካከል ግን ይህ ቅደም ተከተል ሁልጊዜ ልዩነት አያሳይም። ከዚህም ሌላ የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ፣ በእርባታ ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለን ጭልፊት የእናቱ ዝርያ ብቻ አስመስሎ ያቀርባል። በመሆኑም ከሕዋስ አስኳል የሚወሰዱ ተጨማሪ ምልክቶች ያስፈልጋሉ። የላባው ቦታ፣ መጠንና ንድፍ በጥንቃቄ መመዝገባቸው በዘመነ ዲ.ኤን.ኤ. ጭምር አስፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ የአይሶቶፕ መለኪያ ነው። በዝናብ ውኃ ውስጥ ያለው የከባዱ ሃይድሮጅን (የዴቴሪየም) መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ልዩነቱም በምግብ ሰንሰለት በኩል አልፎ በላባው ኬራቲን ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ የታዳጊ ጭልፊት ላባ የተፈለፈለበትን አካባቢ በግምት ሊጠቁም ይችላል። ላባው የማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደ መጣም ይናገራል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?

በሞንጎልያ የተካሄዱ ጥናቶች መካከለኛ ኃይል በሚያስተላልፉ የኤሌክትሪክ መሥመሮች ላይ በዓመት ወደ 4,000 የሚጠጉ ሳከሮች ይሞታሉ ብለው ገምተዋል። በጎረቤታችን በሱዳን በፖርት ሱዳን አቅራቢያ የነበረ አሮጌ መሥመር ለአሠርት ዓመታት የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ሲገድል ቆይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። የግብፅ ጥንብ አንሳ በብዛት የብርድ ወራትን ከሚያሳልፍባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ የእኛው አፋር ነው። ከምሰሶ ሥር የሚቀረው ማስረጃ ብዙ ጊዜ አጥንትና ላባ ብቻ ነው፤ ሥጋውን ጅብና ቀበሮ ይወስዱታልና። ላባውን ማንበብ የሚችል ሰው ከሌለ ግን ሟቹ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ሟች ደግሞ መሥመሩ እንዲሻሻል ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

ሕጉም በስም ላይ የተመሠረተ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተፈረመውና ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው፣ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚመለከተው ስምምነት፣ የፔሬግሪንን ወገን ከባርባሪው ጭልፊት ጋር በአንደኛው ሠንጠረዥ አስፍሮታል፤ ከዱር ተይዞ ለንግድ መተላለፉ የተከለከለ ነው ማለት ነው። ላነርና ሳከር ግን በሁለተኛው ሠንጠረዥ ስለሆኑ በፈቃድና በቁጥጥር ሊተላለፉ ይችላሉ። በአንድ ሣጥን ውስጥ የተገኙ ጥቂት ላባዎች የየትኛው እንደ ሆኑ መወሰን ሕጋዊ ውጤቱን ይለውጠዋል። በአገራችንም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ ይመራል።

ላባ ለሚያገኙ ተማሪዎች

በመስክ ትምህርት ላይ እንዲህ ያለ ላባ የሚያጋጥማቸው ተማሪዎች ጥቂት ደንቦችን እንዲጠብቁ እንመክራለን። ላባውን ከማንሳት በፊት በወደቀበት ሁኔታ ከማስመሪያ ጋር ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ፣ በዙሪያው ሌሎች ላባዎች መኖራቸውን መመልከት ያስፈልጋል። በተከለለ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ ምንም ነገር መውሰድ አይገባም። በፈቃድ የሚወሰድ ላባ ዲ.ኤን.ኤ.ው እንዳይበላሽ ሳይታጠብ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ እርጥበትን ስለሚይዝ ሻጋታ ያመጣል። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አይነካ፤ ወፎች ወደሚራቡበት ገደልም አይቀረብ፤ የተረበሸች እናት እንቁላሏን ለሐሩር ትታ ልትሄድ ትችላለችና።

ላባን ከታወቁ ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር ዐይንን የሚያሠለጥን ታላቅ ትምህርት ነው። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያሉትን የወፍ ናሙናዎች ለማየት የሚችሉ ተማሪዎች፣ የንስርን ክንፍ ከጭልፊት ክንፍ ጋር አስተያይተው ከላይ የዘረዘርናቸውን ልዩነቶች በራሳቸው ዐይን እንዲያረጋግጡ እንጋብዛለን። መመዝገቢያ ደብተራቸው ላይም ቦታውን፣ መጠኑን፣ ንድፉንና ዕድሜውን በየተራ ይጻፉ፤ የወፉን ስም የሚጽፉበት መሥመር ከእነዚህ ሁሉ በታች ይሁን። ማስረጃው ሁለት ስሞችን ካስቀረ ሁለቱንም ይጻፉ።